ዞምራ ዛሬም ሩዝ ሠራች

በለጥሽ በሱቋ የብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ለደንበኛ ዳቦ እያቀበለች ሳለ ከመጋረጃው ጀርባ የልጅቷን ሳቅ ሰማች። ሶልያና ከሆሳዕና ከመጣች ወዲህ በዚህ ቤት ስቃ አታውቅም ነበርና ደስ አላት። ደንበኛውን ትታ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ልጅቷ አገር ቤት ላለች ጓደኛዋ የድምፅ መልእክት እየላከች ነበር።

«ኧረ ተይኝ እስቲ! ዞምራ ዛሬም ሩዝ ሠራች። ትናንት ሩዝ፣ ዛሬ ሩዝ። የነሐሱ ደን ውስጥ እስክትጥለኝ እያወፈረችኝ መሰለኝ።»

ደግማ ሳቀች።

«ማማ፣ ወተቱስ?» አለ ደንበኛው በእንግሊዝኛ።

በለጥሽ ወደ ማቀዝቀዣው ዞረች። በሩን ከከፈተች በኋላ ለምን እንደከፈተችው ጠፍቷት፣ ቅዝቃዜው ፊቷን እየመታት ቆመች። የደቡብ አፍሪካዋን መንደር ጻካኔን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱ ዞምራ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ከሁለት አይበልጥም፤ ሁለቱም በዚህ ቆርቆሮ ሥር ናቸው። ልጅቷ ድምፅዋን ሳትቀንስ ያወራችው በለጥሽ ሥራ ላይ ናት፣ አትሰማኝም ብላ ይሆናል። ወይም ደግሞ እንድትሰማ ፈልጋ።

«የነሐስ ደን» የተባለውን መጽሐፍ በለጥሽ ያገኘችው ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ ዱራሜ መናኸሪያ ፊት ለፊት አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሻይ ፈስሶባቸዋል፤ ደራሲው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ታሪኩ እናቷ ስለሞተችባት ልዕልት ስለ ናሪት፣ ስለ አባቷ ስለ ንጉሥ ኦርም፣ ከሩቅ አገር መጥታ ንግሥት ስለሆነችው የእንጀራ እናቷ ስለ ዞምራ ነው። ዞምራ ልጅቷን ቅጠሉ እንደ ምላጭ ወደሚቆርጥ የነሐስ ደን ታስጥላታለች። ናሪት ግን እዚያ የዛፎቹን ቋንቋ ትማራለች፤ በመጨረሻም ደኑን ሁሉ ከኋላዋ አስከትላ ወደ ከተማዋ ትመለሳለች። በለጥሽና እህቷ ፍሬገነት ይህን መጽሐፍ እየተቀባበሉ ጮክ ብለው ስንት ጊዜ እንዳነበቡት አይታወቅም። ናሪት ስትመለስ ሁልጊዜ ያለቅሱ ነበር። ዞምራ የምትሞትበትን ገጽ ደግሞ ደስ ስለሚላቸው ሁለቴና ሦስቴ ይደጋግሙት ነበር።

ሶልያና ልትመጣ ስትነሳ ለፍሬገነት ደውላ መጽሐፉን በልጅቷ ሻንጣ እንድትልክላት የለመነቻት ራሷ በለጥሽ ናት። ፍሬገነት ሆሳዕና ድረስ ሄዳ ሰጠቻት። «በመንገድ ላይ ታንብበው፤ ስትደርስ የምናወራው አንድ ነገር ይኖረናል» ብላ ነበር በለጥሽ።

ይኸው፤ አንብባዋለች።

ባሏ ሽጉጤ የመጀመሪያ ሚስቱ ስትሞትበት ሶልያና ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ልጅቷን ለእናቱ ትቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። በለጥሽ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች አማካይነት ልታገባው ስትመጣ ልጅ እንዳለው ታውቅ ነበር፤ ይህን አልደበቃትም። በሁለተኛው ዓመት፣ «ልጅቷን ለምን አናመጣትም?» አለችው። «እናቴ አትሰጠኝም፤ ዓይኗ ናት» አላት። በሚቀጥለው ዓመትም ጠየቀች። ፅንስ በሆዷ እንደማይጸና ሐኪም ቁርጡን ከነገራት በኋላማ መጠየቁን ወደ ልመና ለወጠችው። «እናቴ» ይላታል ሁልጊዜ፤ «እናቴ አይሆንም አለች፤ ምን ላድርግ?» አሮጊቷ ባለፈው መስከረም ሲያርፉ ግን ልጅቷን የሚይዝ ዘመድ ጠፋ፤ መጣች።

ከፈረንጆች ገና በፊት አውሮፕላን ማረፊያ ሄደው ተቀበሏት። አባቷን በስልክ እንጂ በአካል አይታው የማታስታውሰው ልጅ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለበለጥሽ ግን እጇን ዘረጋችና፣ «ሰላም ነዎት?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ «አንተ»፣ በለጥሽ «እርስዎ» ሆኑ። «አክባሪ ልጅ ናት፤ የእናቴ እጅ ነዋ ያሳደጋት» እያለ ሽጉጤ ይኮራል። በለጥሽን ግን ያ «እርስዎ» በየቀኑ ይቆረቁራት ነበር።

መልእክቱን በሰማች ማግስት መጽሐፉን ከሳሙና ካርቶኖቹ ላይ አንስታ ባንኮኒው ሥር አስቀመጠችው። ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ታክሲ ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ ሱቁ ጭር ይላል፤ ትምህርት ቤት ገና ስላልተከፈተ ከረሜላ የሚገዛ ተማሪም የለም። ያኔ ታነባለች።

መጀመሪያ የፈለገችው ራሷን ነው። ዞምራን በየገጹ አደነቻት። ምናልባት ያን ያህል ክፉ አልነበረችም ይሆናል፤ ምናልባት ልጅ ሆነን በደንብ አላነበብናት ይሆናል ብላ ነበር። ዞምራ ግን ክፉ ናት። የናሪት ጫማ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ የጨመረች፣ የሟቿን ንግሥት ቀሚስ ለውሾች ያነጠፈች ሴት ናት። «እኔ ምን አደረግኩ?» አለች በለጥሽ በሆዷ። አልጋዋን ለልጅቷ ለቅቃ ከሽጉጤ ጋር ሱቁ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው የምትተኛው። የፀጉሯን ቅባት፣ የእግሯን ጫማ ሳትጠየቅ ገዝታላታለች። ሩዝ የምታበዛው ደግሞ ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን ሩዝ ጥርግ አድርጋ ስለበላች፣ ትወዳለች ብላ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ ሌላ ሰው ላይ አረፈ።

ንጉሥ ኦርምን በልጅነቷ መርምራው አታውቅም ነበር። ደግ ነው፤ ሕዝቡ ይወደዋል፤ የሞተች ሚስቱን ያስባል፤ በቃ። አሁን ግን በየገጹ ተቀምጦ አገኘችው። የናሪት እግር ደም በደም ሆኖ ማዕድ ላይ ስትቀርብ ንጉሡ እዚያው ነው፤ ቀለበቱን ያዞራል። ቀሚሱ ለውሾች ሲነጠፍ «ንጉሡ ወደ እሳቱ ተመለከተ» ይላል። ናሪት በውርጭ ንጋት ከቅጥሩ ስትባረር «ንጉሡ በመስኮቱ ቆሞ ነበር፤ ልቡም በኀዘን ተመላ» ይላል። በለጥሽ ይህን ስታነብ በልጅነቷ ለንጉሡ አልቅሳ ነበር። አሁን መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ደፋችው።

«ልቡ በኀዘን ተመላ!» አለች ጮክ ብላ። «አፍ የለህም? ንጉሥ አይደለህም እንዴ?»

ሶልያና ከመጋረጃው ብቅ አለች። «ምን አሉ?»

«ንጉሡን ነው።»

ልጅቷ መጽሐፉን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ቢሆንም ዝም ማለት አልቻለችም። «እሱ ምን አደረገ? እሱኮ ይወዳታል።»

«መውደዱንማ ይወዳታል» አለች በለጥሽ።

ከሰዓት በኋላ ከጎን ያለው ግቢ ባለቤት፣ መንደሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላት አሮጊት፣ የሻይ ቅጠል ልትገዛ መጣች። በፍርግርጉ አሾልካ ሶልያናን አየች። «ልጅሽ ናት?» አለች በለጥሽን።

«አዎ።»

ሶልያና የካርቶን ቴፕ እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ቃሉን አንድ በአንድ አስተካክላ፣ «እሷ የአባቴ ሚስት ናት» አለች።

ጎጎ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየች። «ሃይቦ!» ብላ ተገርማ ራሷን ነቅንቃ የሻይ ቅጠሏን ይዛ ሄደች።

በለጥሽ የስኳር ጆንያ ከፈተችና በትንንሽ ላስቲክ መመዘን ጀመረች። «ነይ ያዥልኝ» አለቻት። ልጅቷ መጥታ የላስቲኩን አፍ ከፍታ ያዘች።

«ዞምራ ያልሽኝን ሰምቻለሁ።»

ሶልያና አልደነገጠችም። ላስቲኩን እንደያዘች ቆመች።

«ልቆጣሽ አይደለም። እኔም ባንቺ ዕድሜ ስንቱን ዞምራ ብያለሁ፤ የሒሳብ አስተማሪያችን ስሟ ዞምራ ነበር። ግን ምን እንዳደረግኩሽ ንገሪኝ። ሩዙ ነው?»

«ሩዙ አይደለም።»

«እና?»

«አያቴ ሁሉንም ነግራኛለች።» ልጅቷ ስታወራ ስኳሩን እንጂ በለጥሽን አታይም ነበር። «አባዬ ላምጣት ሲል እርስዎ በየዓመቱ አይሆንም እንዳሉ። የሌላ ሴት ልጅ አላሳድግም፤ እሷ ከመጣች እኔ እወጣለሁ እንዳሉ።»

በለጥሽ ማንኪያውን ጆንያው ውስጥ ተወችው። «አያትሽ ይህን ከማን ሰሙ?»

«ከአባዬ ነዋ።»

«ተሳስተው ይሆናል። ስልክ ላይ አንዳንዴ...»

«እኔም ሰምቻለሁ!» አለች ልጅቷ። «አያቴ ጆሮዋ ስለደከመ ሁሌ ስፒከር ላይ ነበር የምናደርገው። አጠገቧ ነበርኩ። ምን ላድርግ እማዬ፣ ሚስቴ አይሆንም አለች ሲል። ሲያለቅስ ሁሉ ሰምቻለሁ። አባዬን በስልክ ያስለቀሱት እርስዎ ነዎት።»

በለጥሽ አፏን ከፈተች። ለመመለስ የሚያስፈልጋት ቃል ሁሉ እዚያው ምላሷ ላይ ነበር። ልጅቷን ግን አየቻት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷን አታውቃትም፤ አያቷን በቅርቡ ቀብራለች፤ የቀራት ያ ስልክ ውስጥ ሲያለቅስላት የነበረ ሰው ብቻ ነው።

«ስኳሩን ጨርሺው» ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮ ያለውን ቧንቧ ከፍታ እጇን ታጠበች፤ ታጥባም አልዘጋችውም። ሽጉጤ ለማንም ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ልጅ ማደሪያ ሲለምነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ወንድሞች አንዱ መኪናውን አውሰኝ ሲለው፣ «እኔማ ደስ ይለኛል፤ እስቲ በለጥሽን ላማክራት» ይላል። በማግስቱ «በለጥሽ አልተስማማችም፤ ምን ላድርግ» ይላል። ለዚህ ነው ሽጉጤን የማይወድ የሌለው። ለዚህም ነው እሁድ እሁድ ሴቶቹ በለጥሽን በጣታቸው ጫፍ የሚጨብጧት። ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የባል ነገር፣ የትዳር ነገር ብላ ስቃ ታልፈው ነበር። አንዲት ሕፃን ልጅም በዚሁ መንገድ ከደጅ ትመለሳለች ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ሽጉጤ ከጅምላ ቤት ሲመለስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራ ነበር። ዕቃ የሚጭንባትን ባኪ መኪና በጓሮ በር አስገብቶ ዱቄት ማውረድ ጀመረ። በለጥሽ ልታግዘው ወጣች።

«ሶልያና እንዳትመጣ የከለከልኩት እኔ ነኝ ብለሃል?»

ጆንያውን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«‹አላልኩም› አላልክም።»

ጆንያውን አወረደ። ዱቄቱ ከልብሱ ላይ ብን አለ። «በለጡ» አላት፤ ሲለማመጥ እንዲህ ነው የሚጠራት። «ምን ልበላት ነበር? እናቴ በደወልኩ ቁጥር ታለቅሳለች። አረጀሁ፣ ልጅህን ውሰድልኝ ትለኛለች።»

«እናትህ? አልሰጥም፣ ዓይኔ ናት ያሉት እናትህ?»

ሽጉጤ ልብሱን አራገፈ። በለጥሽ የባኪውን ጠርዝ ያዘች። ለካ አሮጊቷም ይለምኑት ነበር። በዚያ ጫፍ አሮጊቷ፣ በዚህ ጫፍ እሷ ሲለምኑት፣ አንዷን በሌላዋ ስም ሲከለክል ኖሯል።

«ቤታችንን ታይው የለም?» አለ ሽጉጤ። «ሁለቴ ተዘርፈናል፤ ያውም በተኩስ። ሴት ልጅ እዚህ አምጥቼ ምን ላደርጋት?»

«ይህን ለምን አልነገርካቸውም? እውነት ነውኮ! ማንም ይረዳህ ነበር።»

«እናቴ ትልቅ ሱቅ፣ ትልቅ ቤት ነው የሚመስላት። አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያወራው። ብረት ውስጥ ተቆልፌ ነው የምኖረው ልበላት?»

«እና እኔን ሰጠሃቸው።»

«አንቺን አያውቁሽም» አለ ሽጉጤ፤ እንደሚያጽናናት ሁሉ ድምፁን አለሰለሰ። «ሩቅ ነሽ። ምን ይጎዳታል ብዬ ነው።»

በለጥሽ ወደ ጆንያዎቹ ዞረች። እሱ ግን ቀረብ ብሎ ክንዷን ያዘ። «አሁን ለልጅቷ እንዳትነግሪያት። ከእኔ ሌላ ማን አላት? አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ቻዪው። ከጊዜ በኋላ ራሷ ታይሻለች።»

በለጥሽ ክንዷን አስለቀቀች። ቀጣዩን ጆንያ በአንድ ጫፍ ያዘች፤ እሱ በሌላው ያዘ፤ አስገቡት። ያን ቀን ቻለችው። ሩዝ ሠራች፤ አቀረበች፤ ሶልያና ለአባቷ ሥጋ ስትመርጥለት አየች።

መጽሐፉን የጨረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ደኑ ወደ ከተማዋ ይገባል፤ ዞምራ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወደ ነሐስ ዛፍ ትለወጣለች፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ከዚያ፣ «ንጉሡም ልጁን አቅፎ አለቀሰ፤ ናሪትም ያለፈውን ሁሉ ረሳች» ይላል። ይኸው ነው። አንዲት መስመር። በመስኮት ቆመህ ስታየኝ ምን ታስብ ነበር ብላ አልጠየቀችውም። ደራሲውም አልጠየቀውም። በለጥሽ ይህን መጽሐፍ በሕይወቷ ከምንም በላይ ስትወደው ኖራለች፤ አሁን እንደተሞኘ ሰው አፈረች።

ለፍሬገነት ደወለችላት።

«ዞምራ ስትሞት ለምን ነበር እንዲያ ደስ የሚለን?»

«ክፉ ስለነበረች ነዋ» አለች ፍሬገነት እየሳቀች። «ምን አስታወሰሽ?»

«ንጉሡስ?»

«የቱ ንጉሥ?»

በለጥሽ ልታስረዳት ጀምራ ተወችው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ፍሬገነት ልጆች ጉንፋን አውርተው ዘጉ።

ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ከታክሲ መቆሚያው ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ቦታ ይገኝ እንደሆን ሄዳ የጠየቀችው በለጥሽ ናት። ጸሐፊዋ ሁለቴ ከመለሰቻት በኋላ በሦስተኛው፣ «ሐሙስ ጠዋት ልጅቷን ከነወረቀቷ ይዘሻት ነይ፤ ካለፈ ግን ሰው አስገባበታለሁ» አለቻት። በለጥሽ ይህን ለሽጉጤ ነገረችው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሽጉጤና ሶልያና ጓሮ ባኪውን እያጠቡ ነበር። በለጥሽ ከበሩ ውስጥ ሰሃን ታጥባለች። አባትና ልጅ እርስ በርሳቸው ሲሆኑ በሀዲይኛ ነው የሚያወሩት። በለጥሽ የዱራሜ ልጅ ናት፣ ቋንቋዋ ከምባትኛ ነው፤ ግን ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር ሀዲይኛውን ከሚገምቱት በላይ ለምዳዋለች። ስሟ ሲነሳ እጇን ከውሃው አወጣች።

«ዘንድሮ ትንሽ ታገሺ» ይላል ሽጉጤ። «እኔማ ብትማሪልኝ ምን ያህል ደስ ባለኝ። በለጥሽ ናት፣ ሱቁ ሰው ይፈልጋል፣ ዓመቱን ትርዳኝ ያለችው። ታውቂያታለሽ። ለቤቱ ሰላም ብለን እንቻላት።»

«እሺ አባዬ» አለች ሶልያና። የምታለቅስ ልጅ ድምፅ ነበር።

በለጥሽ እጇ ሳሙና እንደሆነ ወጣች።

«እኔ ነኝ ያልኩት?» አለች፣ በተሰባበረ ሀዲይኛ።

ሁለቱም ደንግጠው ዞሩ። ከሽጉጤ እጅ ጨርቁ ወደቀ።

«በለጡ፣ በኋላ እንነጋገራለን።»

«አሁን ነው። እሷ ፊት ነው።» ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ትምህርት ቤት ትቅር ያልኩት መቼ ነው? ጸሐፊዋን ሦስቴ ሄጄ የለመንኩት እኔ ነኝ። ነገ ይዘሻት ነይ ብላኛለች፤ ነግሬሃለሁ። ሱቁ ውስጥ የምትፈልጋት አንተ ከሆንክ፣ እኔ እፈልጋለሁ በላት። በራስህ አፍ።»

ሽጉጤ ጨርቁን አነሳ፤ ጨመቀው። ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«አባዬ?» አለች ሶልያና።

«እኔ ለሁላችንም ብዬ ነው።»

«እሳቸው ናቸው ያሉት ወይስ አንተ ነህ?»

ሽጉጤ የባኪውን መስተዋት ይጠርግ ጀመር። መስተዋቱ ንጹሕ ነበር። ሶልያና አባቷን አየች፣ በለጥሽን አየች፣ ተመልሳ አባቷን አየች።

«በስልኩም?» አለች ቀስ ብላ። «ለአያቴ ያልካትም?»

በለጥሽ መመለስ ትችል ነበር። አልመለሰችም፤ እሱን ጠበቀችው። በሱቁ በኩል ሰው «ማማ! ዳቦ!» እያለ ብረቱን ማንኳኳት ጀመረ። ሽጉጤ እፎይ እንዳለ ሰው ጨርቁን ጥሎ ወደ ሱቁ ሊገባ ሲል በለጥሽ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ዳቦው ይቆያል» አለችው።

ደንበኛው ደጋግሞ አንኳኳ፤ ተሳደበ፤ ሄደ። ሽጉጤ በሁለቱ ሴቶች መካከል የሚያይበት ቦታ አጣ፤ ከዚያም ማልቀስ ጀመረ። የውሸት ልቅሶ አልነበረም፤ በለጥሽ ታውቀዋለች፤ ሰውየው ለእውነት ነው የሚያዝነው። ሶልያናም ያን ልቅሶ ከስልኩ ታውቀዋለች። ቆማ ሰማችው። ግን አልተጠጋችውም። ባልዲውን አነሳች፤ የቆሸሸውን ውሃ አጥሩ ሥር ደፋች፤ ገባች።

«ደስ አለሽ?» አለ ሽጉጤ ዓይኑን እየጠረገ። «አሁን ማን ቀራት?»

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር።

ለራት ማንም ማንንም አልጠራም። በለጥሽ ሱቁ ወለል ላይ ፍራሹን ስትዘረጋ ሶልያና መጋረጃውን ገልጣ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«እርስዎስ ለምን አልደወሉልኝም?» አለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን እንኳ ስልኩን ከእጁ ተቀብለው ሰላም ቢሉኝ፣ አውቅ ነበርኮ።»

በለጥሽ መልስ ፈለገች። ልታናግርሽ አትፈልግም ይለኝ ነበር ልትል ቃጣት። እናቴ አትወድም ይለኝ ነበር ልትል ቃጣት። የምታገኘው መልስ ሁሉ በሽጉጤ የሚጀምር ሆነባት።

«አላውቅም» አለች።

ልጅቷ መጋረጃውን መለሰችው።

ሐሙስ መንግሥት ለእናቶች የልጆች ድጎማ የሚከፍልበት ቀን ነበር። ገና በማለዳ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በፍርግርጉ ፊት ተሰልፈዋል፤ ዱቄት የሚሉ፣ ዘይት የሚሉ፣ የስልክ ካርድ የሚሉ። እንዲህ ባለ ቀን ባንኮኒው ላይ የምትቆመው በለጥሽ ናት፤ ሽጉጤ ከኋላ ያቀብላል። በዙሉኛ የምትቀልደው እሷ፣ ዱቤ የለም የምትለው እሷ፣ ስርቆት የምትጠብቀውም እሷ ናት።

በለጥሽ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ከውስጥ ወጣች። የሶልያናን ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። ልጅቷ ቀድማ ጓሮ በር ላይ ቆማለች፤ ፀጉሯን ራሷ ሠርታዋለች፤ ለማንም እንደምን አደራችሁ አላለችም።

«ዛሬ?» አለ ሽጉጤ። «ሰልፉን አታዪም? ለነገ አስለውጪው።»

«ለነገ የለም። ሐሙስ ነው የተባለው።»

«ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ?» ከውጭ ማማ፣ ማማ የሚለው ድምፅ እየበዛ ነበር። ሽጉጤ ወደ ፍርግርጉ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዱቤ ሲጠይቁኝስ ምን ልበላቸው? ማማ ከልክላለች ልበላቸው?»

በለጥሽ የጓሮውን በር ከፈተች። ሶልያና ወጣች፤ ሳትጠብቃት በመንገዱ ጠርዝ መራመድ ጀመረች።

«የፈለግከውን በላቸው» አለችው። «በእኔ ስም ግን አትናገር።»